እማየ፣ ይሄን ሳትሰሚ እምቢ እንዳትይ

እማየ እንዴት ነሽ፣ ትንፋሽሽስ እንዴት ነው? ይሄን ደብዳቤ ታናሼ ቁጭ ብሎ እንዲያነብልሽ ነግሬዋለሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ባለፈው በስልክ "ደረቴን አስቀድጄ ከምሞት በቤቴ ልሙት" ብለሽኝ ስልኩን ለሱ ስትሰጪው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አልተቀየምኩሽም እሽ፣ ግን የልብ ቀዶ ጥገናውን እምቢ ያልሽው ምን እንደሚደረግልሽ አንድም ሰው በደንብ ስላላስረዳሽ ይመስለኛል፣ ስለዚህ እዚህ አዲስ አበባ የልብ ስፔሻሊስቱ ጋ ገብቼ ጥያቄየን ወረቀት ላይ ጽፌ አንድ በአንድ ጠየኩት። የሚያስፈራውንም አልደብቅሽም።

ሦስት ዓመት ሙሉ አስም ነው እያሉ የሚሳብ መድኃኒት ሲሰጡሽ ኖሩ፣ የት እንደሆነ አልጠራም ግን እስካሁን ይቆጨኛል፣ አንድ ቀን ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ ቢያነሱሽ ይታይ ነበር። ሳምባሽ አይደለም እማየ። ልብሽ ውስጥ ደም በአንድ በኩል ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ አራት ቫልቮች አሉ፣ እንደ በር ማለት ነው፣ ከነሱ ሚትራል የሚባለው ጠቧል፣ ደሙ ማለፍ ሲያቅተው ሳምባ ላይ ይጠራቀማል፣ ለዛ ነው ሦስት ትራስ ካልደራረብሽ የሚያፍንሽ፣ ለዛ ነው ሥላሴን ልትሳለሚ ስትሄጂ አቀበቱ ላይ ሦስቴ የምትቆሚው። መነሻው ደሞ የልጅነትሽ ነው። ጉሮሮየን አሞኝ ከዛ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ አብጦ እናቴ ቅቤ ትቀባኝ ነበር እያልሽ ታጫውችን የለ? እሱ ነው። ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ያደርጋል፣ መገጣጠሚያው ይድናል፣ ቫልቩ ላይ ግን ጠባሳው ይቀርና ከዓመታት በኋላ ይወጣል። በጊዜው ፔኒሲሊን ቢሰጥሽ እዚህ አይደርስም ነበር፣ እና እባካችሁ የእህቴ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው በዳማከሴ ብቻ አትለፉት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ደረት ሳይከፈት አይሆንም ወይ ብየ ጠይቄዋለሁ። በብሽሽት በኩል በደም ሥር ገብተው በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ቫልቩን የሚያሰፉት አለ፣ ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ያንቺ ቫልቭ ግን ካልሲየም ይዞ ደርቋል፣ በዛ ላይ መዝጋትም ስለማይችል ደሙ ወደኋላ ያፈሳል፣ ፊኛው መፍሰሱን ያባብሰዋል አለኝ። ስለዚህ ቫልቩን መቀየር ነው።

የደረትሽ መሀል አጥንት ይከፈታል፣ ከዛ ልብሽ ለተወሰነ ሰዓት እንዲቆም ይደረጋል። ይሄን ስሰማ እኔም እጄ ቀዘቀዘ። ግን ደምሽ አይቆምም፣ የልብና የሳምባን ሥራ የሚሠራ ማሽን አለ፣ ደሙን ተቀብሎ ኦክስጅን ሰጥቶ ይመልሰዋል፣ እሱን ብቻ የሚከታተል ባለሙያ አጠገብሽ ይቀመጣል። ማሽኑ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በፈረንጆች 1953 ነው፣ በኛ 1945፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ እና ሙከራ ሊሠሩብኝ ነው እንዳትይ። እዚሁ ጥቁር አንበሳ ግቢ እነ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለፍተው ያቋቋሙት የልብ ማዕከልም አለ፣ ያንቺው በሽታ ያለባቸው ስንት ልጆች ታክመውበት ተማሪ ቤት ተመልሰዋል።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ፣ ወንድሜ ይሄን ሁለቴ አንብብላት። ስትነቂ ጉሮሮሽ ውስጥ ቱቦ አለ፣ መናገር አትችይም። ቱቦውን እንዳትነቅይው እጅሽንም በጨርቅ ላላ አድርገው ሊያስሩት ይችላሉ። ሳያውቁ የሚነቁ ሰዎች ናቸው በጣም የሚደነግጡት፣ አንቺ ግን አውቀሽ ትነቂያለሽ። በራስሽ መተንፈስሽን ሲያረጋግጡ ያወጡታል፣ ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ወይ በማግስቱ ነው። ከደረትሽ በታች ደም የሚያወጡ ቱቦዎች ይኖራሉ፣ የሽንትም አለ፣ እነሱም ተራ በተራ ይወጣሉ። አይሲዩ የሚባለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ትሆኛለሽ፣ እኔን ለትንሽ ደቂቃ ነው የሚያስገቡኝ ግን ከበሩ አልርቅም። ሌላ ደሞ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ቀን ሊቀባዥር ይችላል፣ ሌሊቱና ቀኑ ይምታታበታል፣ የሌለ ሰው ያያል። አባየን ካየሽው ሊወስደኝ መጣ ብለሽ እንዳትደነግጭ፣ የሚያልፍ ነገር ነው።

ሞትስ አልኩት። አለ አለኝ፣ አላድበሰበሰም። መድማት፣ ስትሮክ፣ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት መድከም ሁሉ ሊመጣ ይችላል፣ ያንቺ ምን ያህል እንደሆነ የኩላሊትና አንጂዮ የሚባለውን የልብ ደም ሥር ምርመራሽን ሳላይ ቁጥር አልሰጥም አለኝ። ምንም አይነካትም ቢለኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። ዝም ብላ ብትቀመጥስ ስለው ደሞ እየባሰባት ነው የሚሄደው፣ ልቧ ሳይደክም አሁን ብትመጣ ይሻላል አለኝ።

የሚገባው ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። ብረቱ ብዙ ይቆያል ግን ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ያስውጣል፣ የእንስሳው ደሞ ከ10 እስከ 15 ዓመት አካባቢ ያገለግላል፣ ባንቺ ዕድሜ እሱን ነው የሚመርጡት። ከአሳማም ከከብትም የሚሠራ አለ፣ አንቺ አሳማ ሲባል ምን እንደምትይ ስለማውቅ የከብቱ ይሁንላት ብየ ተናግሬያለሁ። የልብ ምትሽ ስለሚዘባረቅ ግን ዋርፋሪኑ ላይቀርልሽ ይችላል፣ ከሆነ ደምሽን ለመለካት ወደ ሆስፒታል መመላለስ አለ። ጎመን አትብይ አይባልም፣ በጾሙ በየቀኑ በልተሽ ከፋሲካ በኋላ እርግፍ አድርጎ መተው ነው መድኃኒቱን የሚያዛባው፣ የምትበይው ጎመን መጠኑ ተቀራራቢ ይሁን። ለጉልበትሽ ከፋርማሲ የምትገዥው ዳይክሎፌናክ ግን ከዋርፋሪን ጋር ያደማል፣ ይቅርብሽ።

ጸበሉን ማንም አልከለከለሽም እማየ። ባለፈው ሱባዔ ስትገቢ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣልሽን ላሲክስ ትተሽ ጸበሉን በጆግ በጆግ ስለጠጣሽ ነው እግርሽ ያበጠው፣ ውሃ ሲበዛ ያንቺ ልብ አይችለውም። በሲኒ ቅመሽ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደሞ ቁስሉ እስኪደርቅ መጠመቅ የለም።

ቤት ስትመለሽ አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ከባድ አታነሺም። ጀሪካን የለም፣ ሊጥ ማቡካት የለም፣ ምጣድ ማውረድ የለም። ስትስይ ትራስ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ነው፣ ሕመሙን ይቀንሰዋል። የምግብ ፍላጎትሽ ይጠፋል፣ ያለ ምክንያት ያስለቅስሻል፣ ይሄም ቀስ እያለ ይተዋል።

አሁን የሚቀድመው ጥርስሽ ነው። ያቺን የተቦረቦረች መንጋጋሽን ሳይነቅሉ ቀዶ ጥገናው አይጀመርም፣ የጥርስ ጀርም በደም ሄዶ አዲሱ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። ሰኞ ወንድሜ የጥርስ ሐኪም ጋ ይወስድሻል፣ የልብ ሕመምተኛ መሆንሽን ቀድሞ ይንገራቸው፣ መድኃኒቶችሽንም ይዛችሁ ሂዱ። ደም የሚለግሱ ልጆች እዚህ እየፈለኩ ነው፣ ሁለት ሰው እስካሁን እሽ ብሎኛል። የመንገዱን ነገር አታስቢው፣ ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የምትመጭው፣ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ቀሚስ ሁለት ያዢ፣ ክንድሽን ወደ ላይ አንስተሽ ማጥለቅ ስለማትችይ።

መልስሽን በሱ ቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ፣ እሱ እንዳይመልስልሽ፣ ያንቺን ድምፅ ነው መስማት የምፈልገው።

ልጅሽ