«ግራም ኔጌቲቭ» ማለት «ባክቴሪያ የለም» ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ስለ ባክቴሪያ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከባዱን ርዕስ ለብዙኃኑ አንባቢ ለማቅረብ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ «ግራም ፖዘቲቭ» የሚለውን የላቦራቶሪ ውጤት «ባክቴሪያ ተገኝቷል»፣ «ግራም ኔጌቲቭ» የሚለውን ደግሞ «አልተገኘም» ብለው መፍታታቸው ያለ እርማት ሊታለፍ አይገባም። እኔ ራሴ በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ሳለሁ «ኔጌቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው እፎይ ያሉ፣ መድኃኒታቸውንም ለማቋረጥ የተነሡ ታካሚዎች አጋጥመውኛል።

«ግራም» እዚህ ላይ የክብደት መለኪያ ሳይሆን የሰው ስም ነው፤ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1884 ይፋ ያደረገው ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ነበር። ዛሬ እንደሚሠራበት ናሙናው በስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ ከደረቀና በነበልባል ላይ ፈጠን ተብሎ ካለፈ በኋላ፣ በቅድሚያ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለው ወይን ጠጅ ቀለም፣ ቀጥሎም አዮዲን ይፈስበታል፤ አዮዲኑም ከቀለሙ ጋር ተጣምሮ በሕዋሱ ውስጥ በቀላሉ የማይወጣ ግዙፍ ውሁድ ይፈጥራል። ከዚያ በአልኮል ይታጠባል። አልኮሉ ከሚገባው በላይ ጥቂት ሰከንዶች ቢቆይ ወይን ጠጅ ሆኖ መቅረት የነበረበት ሁሉ ይለቃል፤ ቢቸኮል ደግሞ መልቀቅ የነበረበት ይቀራል፤ የጀማሪ እጅም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ሳፍራኒን የተባለ ቀይ ቀለም ሲጨመርበት የመጀመሪያውን ቀለም የለቀቁት ባክቴሪያዎች ሮዝ ሆነው ይታያሉ፤ ሳይለቁ ወይን ጠጅ እንደሆኑ የሚቀሩት ደግሞ «ግራም ፖዘቲቭ» ይባላሉ። እንግዲህ «ግራም ኔጌቲቭ» የተባለው ባክቴሪያ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አተኩሮ ያየው፣ ሮዝ ቀለም ያለው ባክቴሪያ ነው። ሳይታይ ሲቀር የሚጻፈው «ባክቴሪያ አልታየም» ተብሎ ነው፤ ይህም ቢሆን ፍጹም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያሉት ከ10,000 በታች ከሆኑ ከዓይን ሊያመልጡ ይችላሉና።

የቀለሙ ልዩነት የሚመነጨው ከሕዋሱ ግድግዳ ነው። የግራም ፖዘቲቮቹ ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከ20 እስከ 80 ናኖ ሜትር ይደርሳል፤ አልኮሉ ሲያደርቀው ይኮማተርና ቀለሙን ውስጡ ያስቀረዋል። የግራም ኔጌቲቮቹ ግን ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ የሆነ ስስ ግድግዳና ከእርሱ በላይ በቅባት የተሠራ ሌላ ውጫዊ ሽፋን አላቸው። አልኮሉ ይህን ሽፋን ሲያሟሟው ቀለሙ ይፈስሳል። ይኸው ሽፋን በሕይወት ሳሉ ለብዙ መድኃኒቶች አጥር ነው፤ ለምሳሌ ቫንኮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከግዝፈቱ የተነሣ ሊያልፈው ስለማይችል ለግራም ኔጌቲቭ ሕመም አይታዘዝም። ሐኪሙ ያንን አጭር ቃል በጉጉት የሚጠብቀው ስለዚህ ነው። የግራም ቀለም ሁሉንም አይለይም፤ የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ ግድግዳው ሰም ስለሚበዛበት ሌላ የማቅለም ዘዴ ያስፈልገዋል፤ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ ስለሌለው የግድግዳውን ሥራ የሚያውከው ፔኒሲሊን አይነካውም።

ጽሑፉ «ቅርጻቸው የሚመሳሰል ባክቴሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው» ማለቱም አሳሳች ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፈርዲናንድ ኮን እ.ኤ.አ. በ1872 ባክቴሪያዎችን ክብ፣ ዘንግና ጥምዝ እያለ በቅርጽ መመደቡ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ለመግለጫነትም እስከ ዛሬ ያገለግለናል። የዝምድና ማስረጃ ግን አይሆንም። የቁስል መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስም የጨብጥ ባክቴሪያም ክብ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ግራም ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ግራም ኔጌቲቭ ነው፤ በዘር ሐረጋቸውም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ሳይንቲስቶቹ ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 የራይቦዞም አርኤንኤን (በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው አካል የያዘውን የዘር ቅጂ) በማነጻጸር ባክቴሪያ ይባሉ የነበሩ አንዳንድ ተሕዋስያን ፈጽሞ ሌላ ወገን መሆናቸውን ካሳዩ ወዲህ፣ ምደባው በዘር መረጃ ላይ እየተመሠረተ መጥቷል። ግድግዳ አልባው ማይኮፕላዝማ እንኳ በዘር ሲታይ የሚቀርበው ለግራም ፖዘቲቮቹ ነው።

እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ዓምድ፣ በሚቀጥለው እትም እንዲታተም በትሕትና እጠይቃለሁ። የግራም ፖዘቲቭና የግራም ኔጌቲቭ ስላይዶችን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ማውጣት ከተቻለ ደግሞ ሮዙን በዓይኑ ያየ አንባቢ ሁለተኛ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ የሆንኩ አንባቢያችሁ