እርምጃው ስንት እርምጃ ነው?

ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም

ጉዳዩ፦ «አስተማሪ እርምጃ» ምን እንደሆነ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና እንባ ጠባቂ፣

የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የማረም አመሉ ግን አለቀቀኝም። የመንግሥት ደብዳቤ ሳይቀር ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነው የማነበው።

አምና ለአንድ ወረቀት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙ ይቅር። የጦሳ ተራራ ብርድ እየጠበሰኝ ተሰልፌ ስደርስ መስኮት 3 ላይ ያለው ልጅ «የሻይ» አለኝ። አልሰጠሁም። ጥቆማ ጽፌ አስገባሁ። ከስንት ምልልስ በኋላ መልስ መጣ፦ «ያቀረቡት ጥቆማ ተጣርቶ ተገቢው አስተማሪ እርምጃ የተወሰደ መሆኑን እንገልጻለን።» ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው።

ተማሪ ይህን ጽፎ ቢያመጣልኝ «ባለቤቱ የታለ?» ብዬ እመልስለት ነበር። ማን አጣራ? ምን ተገኘ? ማን ወሰነ? ተጣርቶ፣ ተወስዶ፣ ሁሉም ያለ ሰው ብቻውን ይሄዳል። በእነሱ በኩል አድራጊ ያለው ግሥ አንድ ነው፤ «እንገልጻለን»። የገለጹልኝ ነገር ግን የለም። ምን ዓይነት እርምጃ እንደሆነ በአካል ሄጄ ስጠይቅ «ውስጣዊ ጉዳይ ነው» ተባልኩ።

«አስተማሪ» ስለሚለው ቃል ግን ሙያዬ ነውና ልከራከር። ልጁ የደረሰበትን ያውቃል፣ አለቆቹም ያውቃሉ። ያልሰማው ሰልፍ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። ታዲያ ማን ነው የተማረው? የሲቪል ሰርቫንት ሕጋችን የዲሲፕሊን ቅጣትን በስሙ ይጠራል፤ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ከሥራ ማሰናበት። «አስተማሪ እርምጃ» የሚባል ቅጣት እዚያ ውስጥ የለም።

ከወር በኋላ ስመለስ ልጁን መስኮት 5 ላይ አገኘሁት። እርምጃው ይሄ ከሆነ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት መስኮት ነው። ምናልባት ደመወዙም ተቆርጦ ይሆናል። ወይም ነገሩን የሚያይ ሰው ጠፍቶ ዝም ብሎ ተዛውሮ ይሆናል። ወይም ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቶ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ከልማዱ የተነሳ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ገልብጦልኝ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የተበደለው ልጁም ነው፤ እኔ እስካሁን እንደ ተቀጣ ሰው ነው የማየው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መሥሪያ ቤቶች መረጃ ሲጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ይላል። ይህን አዋጅ ማስፈጸም ደግሞ የእርስዎ ተቋም ሥራ ነው፤ ለእርስዎ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። የግለሰብ ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት አውቃለሁ። የማንንም ስም አልጠየቅኩም።

የምለምነው ትንሽ ነው። ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ደብዳቤ ይጻፉልን። «እርምጃ ተወስዷል» የሚል ሁሉ የቅጣቱን ዓይነት፣ የወሰነውን አካልና ቀኑን አብሮ ይጻፍ። ጥፋት ካልተገኘም «አልተገኘም» ይባል። መናገር የማይቻል ከሆነ ደግሞ «አንነግርዎትም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» ብለው ይጻፉልኝ። እሱንም እቀበላለሁ። ቢያንስ ባለቤት አለው።

ወረቀቴ፣ ለነገሩ፣ እስካሁን አልወጣልኝም። ተራ የምጠብቀው መስኮት 5 ፊት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ደሴ