ደብተሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጡ

ውድ ወላጆች፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዛችሁ ቢሮዬ መጥታችኋል። «ልጄ ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም፤ ስናወራ ዋልን ይለኛል። ለመሆኑ ትምህርት አለ?» መልሴ፦ ወሬውም አለ፣ ትምህርቱም አለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ 4ኛ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ጽፋ «የትኛው ይበልጣል?» አለች። አንዱ ፈጠን ብሎ «አንድ አራተኛ! አራት ከሦስት ይበልጣላ!» አለ። ግማሹ ክፍል ተስማማ። እኔ ከኋላ ሆኜ መልሱ ከአፌ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው፤ እሷ ግን ዝም። ቆይታ «የማይስማማ አለ?» ብቻ አለች። ሁለት ሁለት ሆነው መከራከር ሲጀምሩ አንዲት ልጅ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገንጥላ ለሁለት እኩል ቀደደችው፤ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት አጠፈችና ልጁ ፊት አስቀመጠችለት። ጎን ለጎን አስተያያቸው። «እንዴ! ለብዙ ሲካፈል ያንሳል እኮ!» አለ።

ደንቡን ጽፈን ብናስገለብጥ 3 ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ደብተሩም ያምር ነበር። የልጁ ስህተት ግን ሳይነካ እስከ ፈተናው ይቆያል።

የመምህርቷ ዝምታም ስንፍና አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ የሚያጣውም ቀነሰ። 3 ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች፤ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ቆማችሁ ሞክሯት እስቲ።

በውይይት ማስተማር ችግር የለውም አልልም። መጀመሪያ ላይ የሚያወሩት እነዚያው አምስት ስድስት ደፋሮች ነበሩ፣ ዝምተኞቹ ከኋላቸው ተደብቀው ይውሉ ነበር። አሁን እጅ ከማውጣቱ በፊት ሁሉም ለብቻው ያስባል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይነጋገራል፣ ከዚያ ነው ለክፍሉ የሚናገረው። ደግሞ ሁሉም ነገር በውይይት አይሆንም፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ያው በቃል ይያዛል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማታ «ምን ጻፋችሁ?» ከማለት «ዛሬ በምን ተከራከራችሁ? አንተስ ምን አልክ?» በሉት። ተሳስቼ ነበር ካለ አትቆጡት፣ እንዴት እንደነቃ ጠይቁት። መጥቶ ማየት ለሚፈልግም ከኋላ ወንበር አለ። መልሱን ቀድማችሁ እንዳትናገሩ ብቻ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር