የብስክሌት መንገዱ እየተሠራ ነው፤ ጠጋኞቹስ የት ይቀመጡ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ከተማ ስለሚሠሩት የብስክሌት መስመሮች በጋዜጣችሁ የወጣውን ዘገባ በደስታ አነበብሁ። ዘገባው ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ንጣፉና ስለ መብራቱ በሚገባ ያስረዳል፤ በመስመሩ ላይ የሚነዳው ብስክሌት ከየት እንደሚመጣና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ግን አያነሳም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜዬ ሆላንድ የምትኖረው እህቴ ጋብዛኝ በቆየሁባቸው ሳምንታት፣ አብዛኛውን ቀን ያሳለፍሁት በአሮጌ ብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ሱቆች ውስጥ፣ የቀረውንም በብስክሌት ላይ ነበር። ስለዚህ በዘገባው ስለተዘለለው ጉዳይ ያየሁትንና የማምንበትን ለአንባቢያን ማካፈል ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

እህቴ የምትኖረው በምሥራቅ ሆላንድ፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በአርንሄም ከተማ ነው። ያ አካባቢ በብስክሌት ሥራ ረጅም ታሪክ ያለው ነው። የአገሪቱን የመጀመሪያ የብስክሌት ፋብሪካ በ1869 በዴቬንተር ከተማ ያቋቋመው ሄንሪኩስ ቡርገርስ ሲሆን፣ ሰውየው ቀጥቃጭ ነበር። (ስለ ሆላንድ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ጋዜል የተባለው ፋብሪካ ከ1892 ጀምሮ የተተከለው ደግሞ ከአርንሄም በብስክሌት አንድ ሰዓት ያህል በምታስኬደው በዲረን ነው። ከሰሜን የመጡት ፎንገርስና ባታቩስ የተባሉት ብስክሌቶችም በየሱቁ አሉ። በእኛ አገር ቀጥቃጭነት ለስንት ዘመን መሰደቢያ ሆኖ እንደኖረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል እንደደረሱ ለሚያውቅ ሰው፣ የአንድ ቀጥቃጭ ስም በናስ ተቀርጾ በብስክሌት ግንባር ላይ ተለጥፎ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከጎበኘኋቸው ሱቆች አንዱን በዝርዝር ላንሳ። ከውጭ ሲያዩት ጠባብ የሚመስል፣ ወደ ውስጥ ግን የሚረዝም ቤት ነው። ብስክሌቶቹ ከጣሪያው በመንጠቆ ተንጠልጥለዋል፤ አብዛኞቹ ጥቁር፣ ከባድና ቀጥ ብለው ተቀምጠው የሚነዷቸው ናቸው። ካቴናቸው ዝናብና ጭቃ እንዳይነካው፣ የነጂውንም ልብስ እንዳያበላሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን ተዘግቷል፤ የኋላ ጎማቸው በሁለቱም ጎን ቀሚስ ወይም ካፖርት ራጂው ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከል መጋረጃ አለው። ከመካከላቸው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጡ ብዙዎች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ይሄዳሉ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በትንንሽ መሳቢያዎች የተሞላ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መሳቢያ ፊት በውስጡ ያለው ዕቃ ናሙና በሽቦ ታስሯል። የኩሽኔታ ኳሶች በየመጠናቸው፣ ራጂዎች በየርዝመታቸው፣ የፍሬን ላስቲኮችና የዲናሞ መዘውሮች ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በዚያ ቀን የአንድ ፎንገርስ የኋላ እግር ይሠሩ ነበር። የመሃሉን ቋት ፈተው ኳሶቹን አንድ በአንድ አውጥተው በነጭ ጋዝ አጠቡ፤ የተፋቀውን ኳስ ለይተው ወደ ጎን አስቀመጡ፤ ጤነኞቹን በአዲስ ግራሶ ውስጥ ደረደሩና ቡሎኑን አጠበቁ። ከዚያም ጎማውን በእጃቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን ወደ ዘንጉ አስጠጉ። ድምፁ አልጣማቸውምና እንደገና ፈቱት። አጠገባቸው የቆመ ወጣት ተማሪያቸው ይህን ሁሉ በዝምታ ይከታተል ነበር። ከሦስት ስብርባሪ አንድ ሙሉ ብስክሌት ይወጣል፤ የተረፈው ደግሞ ወደ መሳቢያው ይገባል። ዋጋው ከአዲስ ብስክሌት በእጅጉ ስለሚያንስ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ መመላለሻ ይገዙታል፤ የጥንቱን ስም አሳደው የሚመጡ ሰብሳቢዎችም አሉ።

ከመሳቢያዎቹ አንዱ ሲከፈት ያየሁት ነገር ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት ሆነኝ። በውስጡ የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቁት ትንንሽ የብረት ሽብልቆች ነበሩ። በባሕር ዳር፣ በመርዓዊም ሆነ በዳንግላ ፎኒክስ የተባለውን ጥቁር የቻይና ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ እነዚህን ሽብልቆች ያውቃቸዋል፤ ሲላሉ ፔዳሉ ቋቋ ይላል፣ ጠጋኙም በመዶሻ ይመታቸዋል። በብረት ዘንግ የሚጎተተው ፍሬንም፣ ባለ 28 ኢንቹ ትልቁ ጎማም እዚያ ካሉት አሮጌዎች ጋር አንድ ዓይነት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሻንጋዩ ፎኒክስም ሆነ የሆላንዱ አሮጌ ብስክሌት የተቀዱት ከጥንቱ የእንግሊዝ የመንገድ ብስክሌት አሠራር ነው። እንግዲህ በዚያ ሱቅ እንደ ቅርስ የሚጠበቀው ብስክሌት እኛ በየጓሮው ዝገት እየበላው ከተውነው፣ ከዚያም ለቆራሌው በኪሎ ከምንሸጠው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ብስክሌት ለሆላንዶች ከተፈጥሮ የተሰጠ ነው፣ አገራቸው ሜዳ ስለሆነ ነው የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት መኪና ሲበዛ ብስክሌት ነጂው እየቀነሰ፣ ከተሞቹም ለመኪና ሲባል እየተቆረሱ ሄደው ነበር። በ1971 ብቻ በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ የሕፃናት ግድያ ይቁም የሚል ንቅናቄም ተመሠረተ። ወዲያው በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች እገዳ መጣና መንግሥት ከኅዳር ወር ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሕዝቡ ባዶውን አውራ ጎዳና በብስክሌት ሞላው። ከዚያ በኋላ ነው በሄግና በቲልቡርግ የሙከራ መስመሮች ተሠርተው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፉት። ዛሬ ወደ 18 ሚሊዮን ለሚጠጋው ሕዝብ 23 ሚሊዮን ያህል ብስክሌት እንዳለ ይነገራል። በነዳጅ ማደያዎቻችን ደጅ ባጃጆች ተሰልፈው በሚያድሩበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ሜዳነቱም ቢሆን በሁሉም ቦታ አይደለም። አርንሄም ራሷ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከዲረን ስመለስ በፖስባንክ ኮረብታዎች በኩል መጥቼ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ወጥቻለሁ። ሜዳው ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ከዳገት አይሻልም። ሽበታም እናቶች ግን በዚያ ነፋስ ውስጥ የገበያ ዕቃቸውን ከኋላ ጭነው ሳይቸኩሉ ይሄዳሉ። ደብረ ማርቆስ ዳገት ስለሆነች ብስክሌት አይሆንላትም የሚሉ ወገኖቼ ይህን ቢያዩ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል።

ከአርንሄም ወደ ናይሜኸን የሚወስደው የብስክሌት ፈጣን መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ የቫል ወንዝን የምንሻገረው ከባቡር ድልድዩ ጎን ለብስክሌት በተቀጠለ መተላለፊያ ነው። በዚያ ከተማ ወንዝ ዳር ባለው ቬሎራማ በተባለው የብስክሌት ሙዚየም ከእንጨት ከተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ጀምሮ የብስክሌትን ዕድገት ደረጃ በደረጃ ተመልክቻለሁ። የገጠሩ መንገድ ደግሞ ካርታ እንኳ አያስፈልገውም፤ መገናኛዎቹ ሁሉ ቁጥር ስላላቸው ነጂው የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ምልክቱን እየተከተለ ይሄዳል። በሆኸ ፌሉወ ብሔራዊ ፓርክም ነጫጭ ብስክሌቶች በየበሩ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጎብኚው የፓርኩን መግቢያ ከከፈለ በኋላ ለብስክሌቱ የሚጨምረው ሂሳብ የለም። በጣና ዳርቻና በጢስ ዓባይ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ቢሠራ ምን ያህል እንግዳ እንደሚስብ የቱሪዝም ባለሙያዎቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ጎማዬ ቢተነፍስ ወይም ካቴናዬ ቢወልቅ ብዙም ሳልርቅ ጠጋኝ አገኛለሁ። በባቡር ጣቢያ፣ በገበያ አጠገብ፣ በትንሽ መንደር እንኳ ሳይቀር የብስክሌት ሠሪ አለ። መንገዱን በነጂ የሞላው ንጣፉ ብቻ አይደለም፤ ብስክሌቱን ቀንም ሌሊትም የሚያስኬደው ባለሙያ ጭምር ነው።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሜዳ የተዘረጋችው ይህች ከተማ ለብስክሌት የተመቸች መሆኗን የሚክድ የለም። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ ሲከፈቱ የመጣው ትውልድ ከተማዋን በብስክሌት ነው ያወቃት። የፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱን የሚሞላው የደወል ድምፅ፣ ሴቶች ልጆች ያለ አንዳች ሐፍረት እየነዱ ትምህርት ቤት መሄዳቸው፣ ይህ ሁሉ ባሕር ዳርን ከሌሎች ከተሞች የሚለያት መልክ ነበር። ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌቱ ወደ ጥግ ተገፋ። አሁን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዟል፤ በከተማዋም ሌሎች መስመሮች እየተጨመሩ ነው።

ነገር ግን በሰፈሬ ከአንድ ዋርካ ሥር ለረጅም ዘመን ሲጠግኑ የኖሩት አባት መንገዱ ሲሰፋ ከቦታቸው ተነስተው ዛሬ በአንድ ዘመዳቸው ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ማን ያገኛቸዋል? የእኒህ ሰው ዕቃ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ጥቂት መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ የካላማዳሪ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውሃ ሳፋ፣ ማስቲሽና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቀዳዳውን ከውሃው ውስጥ በምትወጣው አረፋ ያገኙና ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠብቀው ይለጥፋሉ። ያ የለጠፉት ቦታ ዳግመኛ ሲለቅ አይቼ አላውቅም። ከሆላንዱ ሽማግሌ የሚለያቸው ሙያ አይደለም፤ የሚለያቸው ጣሪያ፣ መሳቢያና ተማሪ ማጣታቸው ነው።

ስለሆነም የሚመለከታቸውን ክፍሎች የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። በአዲሶቹ መስመሮች ዳር፣ ነጂ ብስክሌቱን እየገፋ ሊደርስበት በሚችል ርቀት፣ ጥላ ያላቸው ትንንሽ የጠጋኝ ቦታዎች ይሠሩ። ቦታዎቹም በጨረታ ለከፍተኛ ከፋይ ሳይሆን በሥራው ላይ ለኖሩት ይሰጡ፤ በጨረታ ከሆነ ብስክሌት ጠጋኙ ተሸንፎ በቦታው የሞባይል ካርድና ለስላሳ መጠጥ መሸጫ እንደሚገባበት ጥርጥር የለኝም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን አጫጭር ሥልጠና ቢከፍቱ አስተማሪዎቹ እነዚሁ አባቶች ይሁኑ፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጣቸው። ባለ 28 ኢንች ጎማ፣ ኩሽኔታና ሽብልቅ በአሁኑ ጊዜ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ጠጋኞቹ በማኅበር ተደራጅተው በጅምላ የሚያስመጡበት መንገድ ቢመቻች የነጂውም ወጪ ይቀንሳል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን የተከማቹትንም አሮጌ ብስክሌቶች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከመሸጥ ይልቅ ለሠልጣኞች መስጠት ይሻላል። የአምስተርዳም ከተማ በየጎዳናው የተጣሉትን ብስክሌቶች ሰብስባ በአንድ ግቢ ታቆያለች፤ ባለቤት ያልመጣላቸው ወደ ማቅለጫ ከመሄድ ይልቅ እንደገና ወደ ሥራ የሚመለሱበት መንገድ አላቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ግቢና መዝገብ ብቻ ነው።

በጓሮ የቆመ ፎኒክስ ያላችሁ የባሕር ዳር፣ የመርዓዊ፣ የዳንግላና የፍኖተ ሰላም ነዋሪዎችም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለጠጋኝ አሳዩት። ቸርኬው ካልተሰበረና ብረቱ በዝገት ካልተበላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ጎማ፣ ካላማዳሪና ግራሶ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለእናንተ ለአዘጋጆቹ። ስለ ብስክሌት መስመሮቹ በሚቀጥለው ጊዜ ስትዘግቡ የከተማውን ኃላፊዎች የስንት ኪሎ ሜትር መንገድ እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ መንገድ ዳር ለስንት ጠጋኝ ቦታ እንደተያዘም ጠይቁልን፤ መልሱንም በጋዜጣችሁ አስነብቡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር፣ ጎጃም