ጮቄ ላይ ልጅ ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ብያለሁ። እኔ እዚሁ ጎጃም ወጣቶችን ይዤ ጮቄ ተራራን በእግር የምወጣ፣ ድንኳን ተክለን የምናድር ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው የጻፍኩት። ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ላከልን፣ ግማሾቹ በነጠላ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ የለ፣ ማን አስም እንዳለበት እንኳ የነገረን የለም። የጮቄ ጫፍ እኮ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ይሳሳል፣ ማታ ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል ላይ ውርጭ ይጋገራል። ሌሊት አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ራሴን ፈለጠኝ» አለኝ፣ ባትሪ አብርቼ ሳየው ያስመልሰዋል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል። ይህ የከፍታው ሕመም ነው፣ እንዲህ ሲሆን ተኝቶ ይሻለዋል አይባልም፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በቅሎ ለምነን በጨለማ የጓሳ ሣሩን እየረገጥን ወረድን፣ ገብስ ማሳው ጋ ስንደርስ «ቆሎ ስጡኝ» አለ፣ እኔ እንባዬ መጣ። ወላጆች፣ ልጆቹ ይምጡ፣ የዓባይ ገባሮች የሚፈልቁበትን በዓይናቸው ይዩ፣ ደስ ይለኛል። ግን የልጃችሁን ጤና ንገሩን፣ ወፍራም ካልሲና ጃኬት አስይዙልን። መሪ ነኝ የሚልም የመጀመሪያ እርዳታ ሳይሠለጥን ልጅ ይዞ እንዳይወጣ እናንተም ጻፉበት።