ለሩብ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ዋና አስተዳዳሪ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ መንዝ ውስጥ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ በዕቅድና ክትትል ሥራ የማገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ያለፈውን የሩብ ዓመት ሪፖርት በኮምፒውተር ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ በፍላሽ ይዤና አሳትሜ ከመሐል ሜዳ በማለዳ ተነሣሁ፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር መኪናችን እየተንፏቀቀ ደብረ ብርሃን ስንገባ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር። በማግስቱ አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ከፍላሹ ገልብጦ፣ የታተመውን መዝገብ ቤት አስገብቶ፣ በቀሪው ላይ ማኅተም መታልኝ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ነው ቢሮዬ የተመለስሁት፤ ባለጉዳዮቼም «የለም፣ ለሥራ ወጥቷል» እየተባሉ ሲመለሱ ሰንብተዋል።

እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስገድድ ሕግ አላገኘሁም። እንዲያውም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ አንድ ሰነድ ወይም ፊርማ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርገዋል። ወረዳዎችን በምስልና በድምፅ ለማገናኘት ወረዳኔት ከተዘረጋም ብዙ ዓመት ሆኖታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በርካታ ሠራተኞቻቸውን ከቤት አሠርተዋል፤ ወረርሽኙ ጋብ ሲል ልምዱም አብሮ ተረሳ።

ደፍሬ ልናገርና፣ ጉዞው እንዲቀር የማንፈልግ እኛው ሠራተኞችም አለን። ውሎ አበሉ ለብዙዎቻችን የደመወዝ መደጎሚያ ሆኗል፤ ይህን ሳይነኩ ጉዞውን ብቻ መቀነስ ቅሬታ እንደሚያስነሣ አልሰውርዎትም። ሆኖም ከሚተርፈው ወጪ የተወሰነው ለሠራተኛው የኢንተርኔት ካርድ ቢውል፣ ቅሬታው ባይጠፋም የሚለዝብ ይመስለኛል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበርም አልዘነጋሁም። ኔትወርክና መብራት በሌለበት ቀን ሠራተኛው ቢሮው ይግባ። ነገር ግን መንገድ በሚዘጋባቸው ሰሞናት ሪፖርቱም ሰውየውም እኩል መቅረታቸውን እያየን፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን እንኳ ወረቀት ተሸክሞ መሄድን ብቸኛ መንገድ ማድረጉ አይገባኝም።

ስለዚህ ዞኑ ሁለት ነገር እንዲፈቅድ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ በኢሜይል የተላከ ሪፖርት በዚያው ቀን በኢሜይል «ደርሶናል» የሚል መልስ ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት እንደ ገቢ ደብዳቤ እንዲቆጠር ነው። ሁለተኛው፣ ከባለጉዳይ ጋር በቀጥታ የማይገናኙ የዕቅድ፣ የሪፖርትና የመረጃ ማጠናቀር ባለሙያዎች በሳምንት ሁለት ቀን ከቤታቸው እንዲሠሩና በገቡበት ሰዓት ሳይሆን ባስረከቡት ሥራ እንዲመዘኑ ነው። የጤና ባለሙያና መምህር በዚህ ውስጥ እንደማይገቡ ግልጽ ነው፤ ደብረ ብርሃን እያደረ ጫጫ ወይም ደነባ ለሚመላለስ የሪፖርት ባለሙያ ግን ሁለቱ ቀናት ብዙ ናቸው።

ሙከራው በጥቂት ወረዳዎች ይጀመር ከተባለ፣ የሚቀጥለውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከቤቴ ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ። ማኅተም የግድ ነው ከተባለም፣ ማኅተም የተመታበትን ገጽ ስካን አድርጌ አያይዘዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የወረዳ ባለሙያ፣ ከመንዝ