ሰብልዬ፣ የጭሱን ነገር ልጠይቅሽ

ሰብልዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልል ብዬ እጄ ተያዘ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እማማ ሲያርፉ አልመጣሁም፤ ለአርባቸውም አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ ባለፈ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ፊት ለፊት አለቅስልሻለሁ፤ አሁን የጻፍኩልሽ ግን አባባን የምጠይቃቸው ነገር ስላለኝ ነው። አንቺ ጋ ደብረ ብርሃን መግባታቸውን ሰምቻለሁ። ተናደጂብኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ጓሳ ላይ ሥራ አገኘሁ። አዎ፣ የናንተው የመንዙ ጓሳ፣ የሣሩ ተራራ። ነፋሱ ነጠላዬን የወሰደብኝ አፋፍ ላይ የጎብኚዎች ማዕከል እየነደፍኩ ነው። ትንሽ ነው፤ አንድ የማሳያ ክፍል፣ ቡና የሚፈላበት አዳራሽ፣ የአስጎብኚዎች ማረፊያ፣ ሽንት ቤት።

መጀመሪያ ሜዳው መሃል ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ እይታው ልብ ይሰርቃላ። ኅዳር ላይ ልኬት ልንይዝ ወጥተን ማታ ችንካር ተክለን፣ ሲባጎ ወጥረን አደርን። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ሲባጎው ላይ አመዳይ ተጋግሯል። አንዲት ቀይ ቀበሮ መጣች። ሲባጎውን አሸተተችው፣ ተራመደችው፣ መግቢያ በር ይሆናል ባልኩት ቦታ ላይ ጆሮዋን ወደ መሬት ደፍታ ቆመች። ከዚያ ዘለለች፤ አይጧን በአፏ ይዛ ሄደች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም እኮ፣ ሰብልዬ። እኔ በሯን ልሠራ የነበረው አንዷ ቁርሷን የምታገኝበት ቦታ ላይ ነው። ችንካሩን በዚያው ጠዋት ነቀልኩት። አሁን ሕንፃው ወደ መንገዱ ወርዶ፣ ድሮ ተቆፍሮ የተበላሸው ዳገት ውስጥ ግማሽ አካሉን ቀብሮ ይቀመጣል። ድንጋዩንም ከሜዳው አንለቅምም፤ አይጦቹ የሚጠለሉት ሥሩ ነው።

ግድግዳው እንደ መንዝ ቤት ወፍራም ካብ ነው። መስኮቶቹን ወደ ደቡብ አዞርኳቸው፤ ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ በዚያ በኩል 56 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትሆን የድንጋዩን ወለል አሙቃው ትገባለች፤ ሙቀቱ ለማታ ይተርፋል። ለብርዱ ፎም ሳይሆን የመንዝ በግ ፀጉር እናለብሰዋለን። ሽንት ቤቱ ያለ ውኃ የሚሠራ ደረቅ ነው፤ ከዚያ አፋፍ የሚወርደው ውኃ ግማሹ ለዓባይ፣ ግማሹ ለአዋሽ ስለሆነ በእሱ አልደራደርም አልኩ። ይሄ ሁሉ ተስማማ።

እንቅልፍ የነሳኝ ጣሪያው ነው።

ሥራውን የሰጡን ሰዎች አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ይሁን አሉ፤ ከሩቅ ሣር ይመስላል ብለው። አይመስልም። ፀሐይ ሲመታው ከተራራ ማዶ ያብለጨልጫል፤ በረዶ ሲወርድበት ውስጥ ያለ ሰው አይደማመጥም። ስድስት ሳምንት ተከራክሬ የጓሳ ሣር ክዳን አስፈቀድኩ። ቁልቁለቱን ወደ 50 ዲግሪ አሾልኩት፤ ከ45 ካነሰ ውኃው መፍሰሱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውፍረቱን 30 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት ነቃሁና ጭሱ ትዝ አለኝ።

ያን የጥምቀት ሰሞን እናንተ ቤት ስናድር አባባ እጃቸውን ወደ ክዳኑ ሰደው አንድ ጭብጥ ሣር መዘው አላሳዩኝም? አንዱ ጫፍ ግራጫ፣ ሌላው በጥቀርሻ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብረቀርቅ ነበር። በጣታቸው ቢያሹት አልተሰበረም። «ይሄን ያቆየችው እሷ ናት» አሉ፣ ምድጃው ላይ ወደ ጎነበሱት እማማ እያዩ።

ያ ቤት አሁን ጭስ የለውም ማለት ነው፣ አይደል? ይቅርታ። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን አልሰርዘውም።

የኔው ሕንፃ ውስጥ እሳት የሚነድ አይኖርም። ሣሩን ምስጥና እርጥበት ቢያገኘው ምን ይሆናል? መድኃኒት ይረጭ የሚሉ አሉ፤ ዝናብ አጥቦ ወደ ምንጩ ሲያወርደው ይታየኛል። እኔ አዳራሹ መሃል ምድጃ ልሠራ አስቤያለሁ፣ ቡናው በየቀኑ እዚያ እንዲፈላ። ክረምት ጎብኚ ሲጠፋ ግን ማን ያነድዳል? እንግዲህ አባባን ጠይቂልኝ፤ የናንተ በረት ጭስ አልነበረውም፣ ክዳኑ ስንት ክረምት ቆየ? ሣሩን በየትኛው ወር አጭደው፣ ስንት ቀን አድርቀው ነበር የሚከድኑት? እሳት የማይነድበት ቤት ሲከድኑስ አስተሳሰሩን ይለውጡታል?

ኮንትራክተሩ አሁኑኑ ይታጨድ እያለ ያጣድፈኛል። የጓሳ ሣር ደግሞ ገንዘብ ስላለ የሚታጨድ አይደለም። በቄሮው፣ በጥንቱ የጓሳ አጠባበቅ ሥርዓት ጊዜ፣ አባቶች ሦስትም አምስትም ዓመት ዘግተው ያቆዩት እንደነበር የነገሩን አባባ ናቸው። 1967 ላይ የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ዛሬም ማኅበረሰቡ ሳይፈቅድ ማጭድ ማስገባት ነውር ነው። እጠብቃለሁ ብያለሁ፤ ጠብቄ የማይሆን ሣር እንዳልከድን ነው የምፈራው።

አንቺስ? አሁንም ስትስቂ አፍሽን በመዳፍሽ ትሸፍኛለሽ? ሕንፃ ኮሌጅ ሳለን ከካርቶን የሠራሽው ድልድይ መምህሩ ሲደገፈው የወደቀውን ለባልደረቦቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሁን ሁሉም በስም ያውቁሻል። ልጅሽ መቼም ትምህርት ቤት ገብቷል።

የሚመጣው ሐሙስ ወደ ጓሳ ስወጣ በደብረ ብርሃን ነው የማልፈው። አባባ ደክሟቸው ከሆነ መልሱን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ካልደከሙ ደግሞ ፕላኑን ይዤ መጥቼ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ልስማቸው። እማማ የሰጡኝን ባና ለብሼ ነው ይሄን የምጽፍልሽ።

መቃብራቸው ጋ ትወስጂኝ እንደሆነ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፈርኩ። እሱን አንቺው ንገሪኝ።

ያንቺው
ሂሩት